ማናቲው፣ ዋናው እና የጾም ድስቱ፦ እናቷን ፍሎሪዳ ምንጭ ልታሳይ ላሰበች አንባቢ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጆርጂያ፣ አትላንታ አጠገብ ነው። እናቴ ከአርባ ምንጭ መጥታ እኛ ጋ ናት፤ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ትቆያለች። 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደኅና ናት። ልጆቼ 6 እና 11 ዓመታቸው ነው።

ባለፈው ጁላይ ፍሎሪዳ ውስጥ ወዳለ አንድ የምንጭ ፓርክ ሌሊት ተነስተን ነዳን። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ስንደርስ በሩ ላይ የቆመው ሰው ‹ሞልቷል› ብሎ መለሰን። ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን እንደለበሱ እያለቀሱ ተመለሱ። አሁን በዲሴምበር የገና እረፍት ባለቤቴ ፈቃድ ስላለው ብሉ ስፕሪንግ ወደሚባለው ስቴት ፓርክ ልንሄድ አስበናል። ልጆቹ እንዲዋኙ፣ ማናቲ የሚባሉትን ግዙፍ የውሃ እንስሳትም እንዲያዩ፣ እኔም ዶሮ ወጥ ሠርቼ፣ እዚያው ቡና አፍልቼ እናቴን ላስደስታት ፈልጌ ነው። ባለቤቴ ግን ‹የአርባ ምንጭን ሰው ምንጭ ልታሳዪ ሰባት ሰዓት መኪና ልታስነጂኝ ነው?› እያለ ይስቅብኛል። እናቴ ደግሞ ‹ጸበል ነው እንዴ?› ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?

ሰ.፣ ከጆርጂያ»

እህቴ ሰ.፣ ከዶሮው ልጀምር። የፈረንጆቹ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ የሚፈታው በእኛ ገና፣ ታኅሣሥ 29 ነው። ስለ ጸበል የሚጠይቁ እናት እንግዲህ በዚያ ሳምንት ዶሮ የሚቀምሱ አይመስለኝም። የጾም ድስት ያዢ። ምስር፣ ጎመን፣ በደንብ የደረቀ ሽሮ። ሽሮው ቀጭን ከሆነ መኪና ውስጥ የሚሆነውን አውቀዋለሁና «የደረቀ» ያልኩት ለዚያ ነው።

ቀጥሎ ያለው ከዶሮው ይብሳል። በዚያ ሳምንት ብሉ ስፕሪንግ ውስጥ ማንም አይዋኝም። ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ማርች ምንጩ ለማናቲዎቹ ይለቀቃል። ዋና፣ በጎማ መንሳፈፍ፣ ታንኳ፣ ሁሉም ይዘጋል። እግር መንከር እንኳ አይፈቀድም። ዋናው የበጋ ነው፤ ማናቲው የክረምት ነው። (በጋና ክረምት የምልሽ በአሜሪካኑ ነው፤ ለእናትሽ ስትነግሪያቸው ገልብጠሽ ንገሪያቸው።) በብሉ ስፕሪንግ ሁለቱን በአንድ ቀን ማግኘት ስለማይቻል ጉዞው ለማን እንደሆነ አሁኑኑ ወስኚ። እኔ ብሆን ለእናቴ አደርገው ነበር። ልጆችሽ ለመዋኘት ብዙ ዓመት አላቸው፤ እናትሽ ግን በጃንዋሪ መጨረሻ ይሄዳሉ። የልጆቹንም ነገር አልረሳሁትም፤ እመለስበታለሁ።

እንስሳቱ ለምን እዚያ እንደሚሰበሰቡ ብታውቂ ቀኑን ራስሽ መምረጥ ትችያለሽ። የፍሎሪዳ መሬት ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ። ዝናቡ በድንጋዩ ቀዳዳ እየሰረገ ይወርድና ከርሰ ምድር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ድንጋዩ በሳሳበት ቦታ ገፍቶ ይወጣል። ብሉ ስፕሪንግ ብቻውን በቀን ከ100 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ያወጣል። ውሃው ከጥልቅ ስለሚመጣ የላዩ ብርድና ሙቀት አይነካውም፤ ዓመቱን ሙሉ 22 ወይም 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ በፋራናይት 72 እና 73። አጠገቡ ያለው የሴንት ጆንስ ወንዝ ግን በብርድ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ማናቲ ደግሞ ያን ያህል ግዙፍ ሆኖ ብርድ አይችልም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይታመማል፣ ይሞታልም። ስለዚህ ወንዙ ሲቀዘቅዝ ወደ ምንጩ ይገባል፤ ቀኑ ሲሞቅ ሣር ሊግጥ ወደ ወንዙ ይወጣል።

ስለዚህ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ብርዱ በጠና ቁጥር ማናቲው ይበዛል። ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ብርድ በነበረበት ጠዋት 932 ማናቲ ተቆጥሯል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የዚያ ቦታ ክብረ ወሰን ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቆጠራው ሲጀመር ከአርባ አይበልጡም ነበር። በሞቃት ሳምንት ብትሄዱ ግን ጥቂቶችን ብቻ አይታችሁ፣ ወይም ባዶ ውሃ አይታችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ሆቴሉን ያለ ቅጣት የሚሰረዝ አድርገሽ ያዢና የአየር ትንበያውን ተከታተዪ። በእረፍቱ ሳምንት ውስጥ በጣም የሚቀዘቅዘውን ቀን፣ ቢቻል ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ምረጪ። ፍሎሪዳ ነው ብለሽ በቲሸርት እንዳትወጪ። ብርድ ሲገባ ጠዋት ላይ ጃኬት ብቻ አይደለም፣ ጋቢም ያስፈልጋል። እናትሽ ጋቢያቸውን ይያዙ።

አሁን ያ በጁላይ ያስለቀሳችሁ በር። የፍሎሪዳ ስቴት ፓርኮች የሚከፈቱት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ በአሜሪካኑ 8 ሰዓት፤ የሚዘጉት ጀምበር ስትጠልቅ። (የእኔ አክስት «በ8 ሰዓት እንነሳለን» ብያት ምሳዋን በልታ፣ ቡናዋን ጠጥታ፣ ተዘጋጅታ የጠበቀችኝ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። በኢትዮጵያ ሰዓት ንገሪያቸው።) የመኪና ማቆሚያው የተወሰነ ነው፤ ሲሞላ በሩ ይዘጋል፤ አንድ መኪና ሲወጣ አንድ እያስገቡ ያስጠብቃሉ፣ ወይም «ከሰዓት ተመለሱ» ይላሉ። የሰውየው ጥፋት አይደለም። በጁላይ ቅዳሜ፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ባዶ ቦታ ያለው የምንጭ ፓርክ መካከለኛው ፍሎሪዳ ውስጥ እኔ አላውቅም። በማናቲ ወራትም ቅዳሜና እሑድ እንደዚያው ነው። ከአትላንታ ሌሊት ተነስቶ በዚያው ቀን መድረስን እርሺው። ከዋዜማው ነድታችሁ ኦሬንጅ ሲቲ ወይም ዴላንድ እደሩ፤ ፓርኩ ኦሬንጅ ሲቲ ነው ያለው፣ ከኦርላንዶ ወደ ዴይቶና በሚወስደው መንገድ። በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ሰልፉ ላይ ሁኑ። ባለፈው ስሄድ መግቢያው ለአንድ መኪና 6 ዶላር ነበር፣ እስከ ስምንት ሰው። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት የፓርኩን ገጽ ክፈቺ፤ በጎርፍ ወይም በጥገና የተዘጋ ነገር ካለ እዚያ ይጽፉታል፤ የጠዋት የማናቲ ቆጠራም ይወጣል።

ከገባችሁ በኋላ ለእናትሽ የሚከብድ ነገር የለም። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ምንጩ አፍ ድረስ በጥላ ሥር የሚሄድ የእንጨት መረማመጃ አለ፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዳገት የሌለው፣ በየመሐሉ ወደ ውሃው ወጣ ያሉ መመልከቻዎች ያሉት። አትቸኩሉ። የመጀመሪያው መመልከቻ ላይ ቁሙና ውሃውን ተመልከቱ። መጀመሪያ የምታዩት የተደረደረ ግራጫ ድንጋይ ነው። ከዚያ አንዱ ድንጋይ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ከውሃው ብቅ ይልና «ፉፍ» ብሎ ይተነፍሳል፤ ቀዳዳዎቹ እንደ ክዳን ይገጠማሉ፤ ተመልሶ ይሰምጣል። ዝም ካላችሁ ትንፋሹን ከዚህም ከዚያም ትሰማላችሁ። ሦስት ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ቶን ክብደት ያለው፣ ሣር ብቻ የሚበላ እንስሳ ነው። ለልጆቹ አንድ ነገር ንገሪያቸው፦ በየብስ ከሚኖሩ እንስሳት የማናቲ የቅርብ ዘመዶች ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው። እናትሽ ሽኮኮውን ሲሰሙ መሳቃቸው አይቀርም። ጀርባቸው ላይ ነጭ ነጭ ጠባሳ ታያላችሁ፤ ብዙው የጀልባ ሞተር የቆረጠው ነው። ተመራማሪዎቹ ጠዋት በታንኳ ገብተው አንድ በአንድ የሚለዩዋቸው በዚያ ጠባሳ ነው። የ11 ዓመቱ ልጅሽ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሁለት ሦስቱን ጠባሳ ይሳል፤ ከስልክ ጨዋታው ለአንድ ሰዓት ታርፊያለሽ።

ምግብ መወርወር፣ ውሃ በጎማ ማጠጣት፣ መንካት ክልክል ነው፤ የተጠበቀ እንስሳ ስለሆነ በሕግ ያስጠይቃል። ይህን የምጽፈው ለልጆቹ ብዬ አይደለም። እንጀራ ቆርሶ ለዓሣ የሚወረውር ሰው በየቤታችን አለ።

በብርዱ ጠዋት ከውሃው ላይ ጉም የመሰለ እንፋሎት ይነሳል። እናትሽ «ፍል ውሃ ነው፣ እንደ ሶደሬ» ቢሉ አትፍረጂባቸው፤ የሚያይ ሁሉ እንደዚያ ያስባል። ውሃው ግን አይፈላም፤ አየሩ ከውሃው ስለሚቀዘቅዝ ነው።

አሁን የባለቤትሽ ቀልድ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግን ተሳስቷል። ምንጭ አይቶ የማያውቅ ሰው ብሉ ስፕሪንግ ላይ የሚያየው ሰማያዊ ውሃ ነው፤ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። የአርባ ምንጭ ልጅ ግን ጥያቄ አላት። እዚያ ከከተማው በታች፣ ከጫካው ሥር የሚፈልቁት ምንጮች ለከተማው ስም ብቻ አልሰጡም፤ ውሃም አጠጥተውታል። እናትሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «ይሄ ሁሉ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ማንስ ይጠጣዋል?» የሚለውን ይመስለኛል። መልሱን አዘጋጅተሽ ሂጂ። ወደ ሴንት ጆንስ ይገባል፤ ሴንት ጆንስ ደግሞ እንደ ዓባይ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው፤ ጃክሰንቪል ላይ አትላንቲክ ይገባል። የሚጠጣው ሰው ደግሞ ከምንጩ አይቀዳም፤ ያንኑ የከርሰ ምድር ውሃ በጉድጓድ ይስበዋል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፦ ከተማው ሲበዛ፣ ሣር ማጠጣቱ ሲበዛ፣ ምንጮቹ ግፊታቸው ይቀንሳል፤ የሣሩና የእርሻው ማዳበሪያ ከዝናቡ ጋር ሰርጎ ይወጣና ውሃው ውስጥ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅላል። ስለ ውሃና ጫካ ከእናትሽ ጋር ለማውራት ከዚህ የተሻለ ቦታ አታገኚም። ባለቤትሽ አጠገብ ቆሞ ይስማ።

ስለ አዞም ይነሳል። አሜሪካኖቹ አሊጌተር የሚሉት አለ፤ ፀሐይ ሲሞቅ ከወንዙ ዳር ተኝቶ ልታዩት ትችላላችሁ። ጫሞ ላይ የአዞ ገበያን ላዩ ሰው ብዙም አይደንቅም፤ በጠባይም የእኛው የዓባይ አዞ ይከፋል። ቢሆንም ልጆቹ ከመረማመጃው አይውረዱ፤ ውሃ ዳር አይሩጡ።

«ጸበል ነው እንዴ?» ላሉት መልስሽ አጭር ይሁን፦ «አይደለም እማዬ፣ የምንጭ ውሃ ነው።» አንዳንድ ልጆች እናታቸው ደስ እንዲላቸው ብለው «አዎ፣ እዚህም ይድኑበታል» ሲሉ ሰምቻለሁ። አትበዪ። በቤተ ክርስቲያናችን ጸበል የሚባለው ጸሎት የደረሰበት፣ መስቀል የባረከው ውሃ ነው፤ ይህኛው ቄስ አላየውም። «አዎ» ካልሽ በኋላ ነገ ጠርሙስ ይዘው ይወርዳሉ፤ ውሃው ያልታከመ ስለሆነ ቀድቶ መጠጣት አይመከርም፤ ምንጩም በዚያ ወቅት አይነካም። እውነቱን ከነገርሻቸው መረማመጃው ላይ ቆመው የራሳቸውን ጸሎት ያደርሳሉ፤ ለዚያ ማንም ፈቃድ አይጠይቃቸውም። ጸበሉን አትላንታ ካሉት ቤተ ክርስቲያኖቻችን አንዱ ዘንድ ውሰጂያቸው። እንደውም ጥምቀት ከመሄዳቸው በፊት ይደርሳል።

ለልጆቹ የዋና ነገር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የባለቤትሽ ነው፤ ሳይናገረው በፊት ልበልለት። የሞቀ ገንዳ ያለው ሆቴል ያዢ፣ ማታ ይዋኙ፣ በቃ። ሁለተኛው በማግስቱ ወደ ዌኪዋ ስፕሪንግስ መሄድ ነው፤ አፖፕካ አጠገብ፣ ከብሉ ስፕሪንግ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ። ስሙ ከክሪክ ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ነው፤ የሚፈልቅ ውሃ፣ ምንጭ ማለት ነው። እዚያ በክረምትም ይዋኛል። ግን 22 ዲግሪ በወረቀት ላይ ሲነበብና ሰውነት ሲገባበት አንድ አይደለም። የ6 ዓመት ልጅ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ከንፈሩ ይጠቁራል። ፀሐይ ከወጣ ከቀትር በኋላ ግቡ፤ ሁለት ሁለት ፎጣ ይኑራቸው፤ ሳሙናና ሻምፑ ወደ ምንጩ አይግባ። ሕይወት አድን ጠባቂ አለ ብለሽ አትተማመኚ፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ውሃ ውስጥ ከትንሹ ጋር ሁኑ። ዳር ላይ ተቀምጦ ስልክ እያዩ መጠበቅ፣ መጠበቅ አይደለም።

ቡናው። ፓርኮቹ የከሰል መጥበሻ የተተከለበት የሽርሽር ቦታ አላቸው፤ እሳት እዚያ ላይ እንጂ መሬት ላይ አይነድም። ቡናውን ቤት ቆልተሽ ፈጭተሽ ሂጂ፤ እዚያ ማፍላት ብቻ ይቅርሽ። ጥቂት ጥሬ ግን ለእናትሽ ለይተሽ ያዢ፤ መጥበሻው ላይ በትንሽ ብረት ምጣድ እሳቸው ይቁሉት። ጭሱ ሲሄድ ከአጠገባችሁ ያሉት ሰዎች መጥተው «ምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም፤ ተጨማሪ ስኒ ይኑርሽ፣ የሚሰበር ግን አታምጪ። ድፎ ዳቦውንም ጠረጴዛ ላይ ትተሽ እንዳትሄጂ። እኔ አንድ ጊዜ ለአምስት ደቂቃ ዘወር ብዬ ስመለስ ራኩን የሚሉት ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል ሌባ ኮባውን በሁለት እጁ ገልጦ፣ ከመሐል ጀምሮ እየበላ ደረስኩ። ከዳር አልጀመረም፤ ከመሐል!

የሰባት ሰዓቱ መንገድ ለጉልበታቸው ይከብዳል ካልሽ ደግሞ ዋኩላን አስቢው። ከታላሃሲ በስተደቡብ፣ ቅርብ ነው፤ ከአትላንታ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ። ትልቅና ጥልቅ ምንጭ ነው፤ በ1937 የተሠራ አሮጌ ሆቴል ፓርኩ ውስጥ አለ፤ እናትሽ ሳይራመዱ በጀልባ ተቀምጠው ወፎቹን፣ አሊጌተሩን፣ በክረምት ማናቲውንም ያያሉ። እንደ ብሉ ስፕሪንግ በመቶ የሚቆጠር ግን አትጠብቂ። እኔ ከሁለቱ ብሉ ስፕሪንግን እመርጣለሁ፤ ግን ጉልበቱ የእሳቸው ነውና እሳቸውን ጠይቂያቸው።

በመንገድ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ፣ ትንሽ ይንቀሳቀሱ። ደግሞ ተጣጣፊ ወንበር ያዢ፤ ከመኪናው ኋላ ስትጭኚ ከሁሉም በላይ አድርጊው። ስትደርሱ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው፣ ከዶሮው ድስት፣ ይቅርታ፣ ከሽሮው ድስት በፊት።